ሃይማኖት የማን ቃል ነው?

የቃላት ጓዳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ ወጥ ቤት ዕቃ ስሞች ጽፌ ነበር። ስለ ሰፌድና ስለ ሞሰብ ጥያቄ ይጎርፋል ብዬ ስጠብቅ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የመጣው ሁሉ ስለ ሃይማኖት ቃላት ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ከተማው ዳር ላይ ሁላችንም አዲስ ነን። አንዱ ቤቱ ፈርሶበት መጥቷል፣ አንዱ ዕጣ ደርሶት፣ አንዱ ኪራይ ይረክሳል ብሎ። ጎረቤት ከጎረቤት ገና እየተጠናና ነው። ሲጠናና ደግሞ መጀመሪያ ስም ይጠይቃል፣ ቀጥሎ «ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?» ይመጣል።

እኔ ኮዬ ፈጬ የገባሁት ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነው። 4ኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ሊፍት የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አዛኑ ይቀሰቅሰኛል። ትንሽ ቆይቶ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ይከተላል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከቆርቆሮው አዳራሽ የአዳር ጸሎት አለ። እንቅልፍ የሚባል ሃይማኖት ቢኖር እኛ ብሎክ ተከታይ አያገኝም።

ግዕዝ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ነበሩ። ጎረቤት «ለሴት ልጅ ምን ሊያደርግላት?» እያለ ሲያማቸው ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። ከዚያ 31 ዓመት አማርኛ አስተማርኩ። ለጥያቄዎቻችሁ የምመልሰው በዚህ ስንቅ ነው።

«እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጄ ለፋሲካ መጥቶ ‹ሃይማኖት የለኝም፣ እምነት ግን አለኝ› አለኝ። ዶሮ ወጡን ግን ድብን አድርጎ በላ። ሁለቱ ቃላት ይለያያሉ እንዴ?» (አንዲት እናት፣ ከሰበታ)

ዶሮውን ከበላማ ብዙ አይስጉ።

ሁለቱ ቃላት እህትማማቾች ናቸው። እናታቸው «አመነ» ናት። የሥሩ የጥንት ትርጉም መጽናት፣ መደገፍ፣ አለመነቃነቅ ነው። አማኝ፣ ምእመን፣ ታማኝ ሁሉ ከዚህ ይወጣሉ። ፖሊስ ዕቃ ሲፈትሽ አጠገቡ የሚያቆመው እማኝም ከዚሁ ነው። ዕብራይስጥ «አሜን» የሚለው፣ ዐረብኛም «ኢማን» የሚለው ሥሩ ይኸው ነው።

እምነት ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። ሃይማኖት ግን ልጅነቷን ውጭ አገር አሳልፋ የመጣች ናት። ፊቷ ላይ ያለውን «ሃይ» ልብ ይበሉ። የእኛ «አመነ» እንዲህ ያለ ነገር አይወልድም። በጥንቱ የሶርያ አካባቢ ቋንቋ፣ በአራማይክ፣ ግን ማመን «ሃይመን» ነው፣ እምነትም «ሃይማኑታ»። ግዕዝ ይህን ቃል ወስዶ ሃይማኖት አለው። ብቻውንም አልመጣም። ኦሪት፣ ጣዖት፣ ታቦት፣ ምጽዋት ከዚያው ወገን ናቸው። የሳምንቱ ዓርብ እንኳ ከዚያ ነው፤ የሰንበት ዋዜማ ማለት ነው። ማን አመጣቸው የሚለው ሊቃውንቱን ያከራክራል። አንዳንዶቹ ከሶርያ መጡ ለሚባሉት ለዘጠኙ ቅዱሳን ይሰጡታል። ሌሎቹ ደግሞ ከእነሱ በፊት ከአይሁድ አፍ የገባ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ኦሪትና የሰንበት ዋዜማ የአይሁድ ቤት ይሸታሉ።

አሁን ወደ ልጅዎ። በግዕዝ ሃይማኖት ማለት እምነት ራሱ ነው። ጸሎተ ሃይማኖት የምንለው «ሁሉን በያዘ በአንድ አምላክ እናምናለን» ብሎ የሚጀምረው የእምነት መግለጫ ነው። ስለዚህ በጥንቱ ሒሳብ የልጅዎ ንግግር «ውሃ አልጠጣም፤ ማይ ግን እጠጣለሁ» እንደማለት ነው።

ግን በዚህ አይርቱት። የዛሬው አማርኛ ሁለቱን እህቶች ለያይቶ ድሯቸዋል። ሃይማኖት ማኅበሩን፣ ሥርዓቱን፣ ካህኑንና ሕንፃውን ይዛለች። እምነት ልብ ውስጥ ቀርታለች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 «የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነት» ይላል። አንድ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱን ምን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው? ልጁ የሚናገረው የዘመኑን አማርኛ ነው፤ በዚያ ላይ ትክክል ነው።

አንድ ቀን ደግሞ «ኢአማኒ ነኝ» ብሎ ቢመጣ አይደንግጡ። «ኢ» በግዕዝ «አይ» ናት። ቀሪው ያው «አመነ» ነው።

«ቲቸር፣ ቱሉ ዲምቱ ባጃጅ እሠራለሁ። ተሳፋሪ ‹እስላም ነህ?› ሲለኝ ‹ሙስሊም በሉኝ› እላለሁ። ‹ያው ነው› ይሉኛል። ያው ነው?»

በዐረብኛው ያው አይደለም። ኢስላም የነገሩ ስም ነው፤ ራስን ለአላህ መስጠት፣ መታዘዝ። ሙስሊም ይህን የሚያደርገው ሰው ነው። ዐረብኛ ለሚያውቅ ጆሮ «እስላም ነህ?» ማለት «ክርስትና ነህ?» እንደማለት ነው።

አማርኛ ግን የራሱ ሕግ አለው። አያቶቻችን «እስላምና ክርስቲያን» ሲሉ ሰዎቹን ማለታቸው ነው። ስድብ አልነበረም። ስለዚህ ሽማግሌ ተሳፋሪ ቢልህ ዝም ብለህ ንዳ፤ የለመደውን ነው የሚናገረው። ነግረኸው እያወቀ የሚደግመው ወጣት ግን ሌላ ነው። ሰው ስሜ ይህ ነው ካለ በዚያ ነው የሚጠራው። መዝገበ ቃላት ማገላበጥም አያስፈልግም።

አንድ ሁለት ነገር ላቀብልህ፣ ጉዞው ረጅም ሲሆን ለጨዋታ ይሆንሃል። መስጊድ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ግን «ሰገደ» ነው። መስገጃ ማለት ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም አያሻውም። ቁርኣኑን በአንድ ጥራዝ ሙስሐፍ ትሉት የለ? ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህ ቃል የግዕዙ «መጽሐፍ» ነው ይላሉ። ቁርኣን የዒሳን፣ ማለትም የኢየሱስን፣ ደቀ መዛሙርት «ሐዋሪዩን» ይላቸዋል። እሱም የእኛ «ሐዋርያ» ነው፤ ሖረ፣ ማለትም ሄደ፣ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ። ሐዋርያ ሂያጅ፣ መልእክተኛ ማለት ነው። የባጃጅ ሹፌርም ያው ሂያጅ ነው። ሒሳቡን ግን አስቀድመህ ተቀበል።

«ቄስ የሚለው ቃል ‹ቀደሰ› ከሚለው የመጣ ነው ብዬ በእድራችን ተከራከርኩ። ልክ ነኝ?» (የእድር ጸሐፊ፣ ከአቃቂ)

አይደሉም። ግን ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ያስባል።

በግዕዝ «ቀሲስ» ነው። እሱም የመጣው ከሱርስት፣ ማለትም ከሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ ነው። «ቀሺሻ» ይሉታል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። ሼህ ደግሞ በዐረብኛ ምንድን ነው? ሽማግሌ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናኑን የሚመሩት ምን ይባላሉ? ሽማግሌዎች።

አምና የእኛ እድር በድንኳን ኪራይ ተጣልቶ ነበር። ለሠርግ የተከራየ ሰው ቀዶ መልሶት ጥሎን ሄደ። ሦስት አስታራቂ ተመረጠ፤ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ ሦስተኛው ከቆርቆሮው አዳራሽ። ሊቀመንበሩ «ከየሃይማኖቱ አንድ አንድ» ብሎ ሲያስጨበጭብ እኔ በልቤ «ሽማግሌ፣ ሽማግሌና ሽማግሌ» እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ድንኳኑ እስካሁን አልተሰፋም።

ለመዝገብዎ ልጨምርልዎ፦ ዲያቆን በግሪክ አገልጋይ ነው። ጳጳስም ከግሪክ ነው፤ አባት ማለት ነው። ፓስተር በላቲን እረኛ ነው።

«ለገጣፎ ነው የምኖረው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ‹ጴንጤዋ› ነው የሚሉኝ። ስድብ ነው ወይስ እኔ ነኝ ሆድ የባሰኝ?»

ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አቆየሁት። ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ።

ጴንጤ የጴንጤቆስጤ ቁራጭ ነው። ጴንጤቆስጤ በግሪክ «ሃምሳኛ» ማለት ነው። ከፋሲካ በኋላ 50ኛው ቀን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 መንፈስ ቅዱስ የወረደበት ቀን ነው። ኦርቶዶክሱም ይህንኑ ቀን ጰራቅሊጦስ ብሎ ያከብራል፤ እሱም ግሪክ ነው፣ አጽናኝ፣ ጠበቃ ማለት። እስከዚያ ያሉትን ቀናት በዓለ ሃምሳ እንላቸዋለን። ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። እንግዲህ በቃሉ ሒሳብ ከሄድን፣ በእነዚያ ሳምንታት ረቡዕ ቀን ቁርጥ ፊት የሚቀመጥ ሁሉ የጴንጤቆስጤ ሰው ነው። ለአማትሽ ይህን ብትነግሪያቸው ምን እንደሚሉ ባየሁ!

ቃሉ በውጭው ዓለም የሚጠራው በልሳን የሚጸልዩትን፣ መንፈስ ቅዱስን አጥብቀው የሚሹትን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ ነው። እኛ አገር ግን ሁሉንም ጠቀለላቸው። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ምእመኗ ግን በሰፈር አፍ ጴንጤ ነው። እነሱ ራሳቸውን ወንጌላውያን ይላሉ። ወንጌልም ከግሪክ የመጣ ነው፣ የምሥራች።

«ፕሮቴስታንት»ንም ብዙ ሰው ተቃዋሚ ብሎ ይተረጉመዋል። ስሙ የወጣው በ1529 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሽፓየር በተባለች ከተማ ነው። ስድስት መሳፍንትና 14 ከተሞች በተሐድሶው ላይ የተወሰነውን ውሳኔ በጽሑፍ ተቃወሙ። የላቲኑ ግስ ግን በአደባባይ መመስከር ማለት ነው። እሑድ እሑድ «ምስክርነት አለኝ» ብሎ የሚነሳውን ሰው አስቢው፤ ከላቲኑ አልራቀም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ጴንጤ በንጉሡም በደርግም ዘመን መሳደቢያ ነበር፤ ሰው የታሰረበትም ስም ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት ራሱን እየሳቀ «እኔ ጴንጤ ነኝ» ይላል። ስለዚህ ማን አለው፣ እንዴት አለው ነው ነገሩ። አንቺን ግን የሚያምሽ ጴንጤ የሚለው አይመስለኝም። የሚያምሽ «ዋ» ናት። «ጴንጤዋ መጣች»፣ «ጴንጤዋን ጥሯት»። ያቺ አንዲት ፊደል ስምሽን ወስዳ ቦታው ላይ ተቀምጣለች። ሆድ የባሰሽ በደንብ ሰምተሽ ነው።

ሦስት ቀን ያቆየሁበት ምክንያት ይኸውልሽ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንድ ክፍል ውስጥ በስም እስከ አባት የሚመሳሰሉ ሁለት ልጆች ነበሩ። ስም ስጠራ ሁለቱም «አቤት» አሉ። እኔም «ጴንጤዋን ነው» አልኩ። ክፍሉ አውካካ። ልጅቷ ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ከ20 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ባንክ ቤት ወረፋዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ጴንጤዋ ነኝ» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፣ ክፋት አልነበረበትም። የመጣሁት ብር ላወጣ ነበር፤ የገቢ ቅጽ ሞልቼ ሰጠኋት።

«‹አረመኔ› ከአርመኖች የመጣ ቃል ነው?» (ተማሪ፣ ከቡራዩ)

ኧረ በፍጹም! አርመኖች ምን አደረጉህ? በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የሚባሉት፣ ለአገራችን ማርሽ ባንድ የተጫወቱ ናቸው።

ቃሉ የመጣው ከሌላ ሕዝብ ነው። በሶርያ አካባቢ አራም የሚባል ሕዝብ ነበር፤ ቋንቋው አራማይክ። ከመካከላቸው ክርስትናን የተቀበሉት ራሳቸውን ሶርያውያን እያሉ ሲጠሩ፣ የድሮው ስም ጣዖት ለሚያመልከው ቀረ። ግዕዝ «አረማዊ» ብሎ የወሰደው በዚህ ትርጉሙ ነው። አማርኛ ደግሞ «አረመኔ» ብሎ ጨካኝ አደረገው። አሁን ከላይ የሰበታዋን እናት መልስ አንብብ። ሃይማኖት የሚለውን ቃል ያገኘነው ከእነሱው ቋንቋ ነው። ሃይማኖትን ሰጡን፤ እኛ ስማቸውን ሃይማኖት ለሌለው ሰጠነው። ከቃላት ታሪክ ሁሉ እንደዚህ የሚያስቀኝ የለም። ሲሻኝም ያሳፍረኛል።

መናፍቅንም ጠይቀሃል። በግዕዝ «ነፈቀ» ከፈለ፣ ለሁለት አደረገ ነው። መንፈቅ ግማሽ ነው፤ መንፈቀ ሌሊት እኩለ ሌሊት። መናፍቅ ልቡ የተከፈለ፣ ግማሽ በግማሽ የሆነ ሰው ነው። በዐረብኛ ሙናፊቅ፣ ግብዝ፣ የሚባለውም ዘመዱ ነው። እኔ 31 ዓመት ሙሉ ካርድ ላይ «የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት» እያልኩ ስጽፍ ማንንም አላወገዝኩም።

«ካቶሊክ ማለት ምን ማለት ነው? ኦርቶዶክስስ?» (ከሃይሌ ጋርመንት)

ካቶሊክ በግሪክ ዓለም አቀፍ፣ የሁሉ የሆነች ማለት ነው። የሚገርመው፣ ቃሉ በኦርቶዶክሱ ጸሎት ውስጥም አለ። በጸሎተ ሃይማኖት ስለ ቤተ ክርስቲያን «እንተ ላዕለ ኵሉ»፣ ከሁሉ በላይ የሆነች፣ ሲባል፣ በግሪኩ ቦታው ላይ ያለው «ካቶሊኬ» ነው። አባቶች ተረጎሙት እንጂ አልዘለሉትም። ኦርቶዶክስ ቀጥ ያለ አስተሳሰብ፣ ቀጥ ያለ ክብር ነው፤ በግዕዝ ርትዕት ይባላል። ተዋሕዶ ግን ሙሉ በሙሉ የአገር ቤት ቃል ነው። አንድ ሆነ ማለት ነው፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መለያየት፣ ያለ መቀላቀል አንድ መሆናቸውን ይናገራል። በ451 እ.ኤ.አ. በኬልቄዶን ጉባኤ አብያተ ክርስቲያናትን የለየው ክርክር በዚህች ቃል ላይ ያርፋል።

«ወተት የሚያመጡልኝ አዛውንት ‹ዋቃ› ሲሉ ሰማይን እያሳዩ ነው። ሰማይ ነው ወይስ እግዚአብሔር?» (ከሱሉልታ)

ሁለቱንም ነው። በኦሮምኛ ዋቃ ፈጣሪም ሰማይም ነው። «ዋቃ ጉራቻ» ይላሉ፤ ጥቁሩ ዋቃ። ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ለገበሬ ምን እንደሆነ ካወቁ ስሙ አይገርምዎትም። እምነቱ ዋቄፈና፣ ተከታዩ ዋቄፈታ ነው።

የእኛው «እግዚአብሔር» ደግሞ ወደ ምድር ያያል። እግዚእ ጌታ ነው፣ ብሔር በግዕዝ አገር፣ ምድር። የምድር ጌታ። ብሔር ዛሬ «ብሔር ብሔረሰብ» የሚባለውን ትርጉም የያዘው በኋላ ነውና አንዳንድ ወጣት «የአንድ ብሔር ጌታ» ብሎ እንዲተረጉመው አልፈቅድም። ክርስትና ሳይገባ አክሱም ላይ በተቀረጹ ድንጋዮች አስተር፣ ብሔርና ምድር በአማልክት ስም ተርታ ይገኛሉ። ንጉሥ ኢዛናም መጀመሪያ መሕረም የሚባለው አምላክ ልጅ ነኝ ይል ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል «እግዚአ ሰማይ» ማለት ጀመረ፤ የሰማይ ጌታ። የእርስዎ ባለ ወተት ኢዛናን ቢያገኙት ጣታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይቀስሩ ነበር።

«ጸበል ውሃ ነው ወይስ አፈር? እናቴ ከእንጦጦ ስትመጣ ‹ጸበልና እምነት› ይዛ ትመጣለች።» (የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቃሊቲ)

ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እናትሽ በጠርሙስ የምታመጣው ውሃ ጸበል ነው። በላስቲክ ቋጥራ የምታመጣውና ግንባርሽ ላይ የምትቀባሽ ደግሞ እምነት ይባላል። የሰበታው ልጅ አለኝ ያለው እምነት ይህ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ግዕዙን ከጠየቅሽኝ ግን ጸበል ማለት አቧራ፣ ትቢያ ነው። ውሃውን በዚህ ስም የጠራው አማርኛ ነው።

ትናንት ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን በእግሬ መጥቼ በረንዳ ላይ ነጠላዬን ሳራግፍ፣ ከታች ልብስ የምታሰጣ ጎረቤቴ «እትዬ፣ ምንድን ነው የሚወርድብኝ?» ብላ ጮኸች። «ጸበል ነው» አልኳት። ቀና ብላ ፊቷን ሰጠች፤ ከዚያ አስነጠሳት።